አረንጓዴዋ ባንዲራና የቁልቢ አቀበት

ድሬዳዋ ላይ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሲቃረብ፣ ቤታችን የእኛ ብቻ መሆኑ ይቀር ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከናዝሬት፣ ከአዋሽ፣ አንዳንዴም ከደሴ የመጣ የእናቴ ዘመድ፣ የዘመድ ጎረቤት፣ የጎረቤት አበልጅ ሁሉ «የቁልቢ እንግዳ» ተብሎ ይገባል። የማን ወገን እንደሆነ አጥብቆ የሚጠይቅ የለም። ጥላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጆንያውን ግድግዳ አስደግፎ በር ላይ የቆመ ሰው የስለት ሰው ነው። «አቦ ግቡ!» ይባላል፤ ይገባል። ሳሎን ሰሌን ይነጠፋል፤ ጓሮ ሸራ ይወጠራል። እኛ ልጆች አልጋችንን ለአሮጊቶቹ ለቀን ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር እንተኛለን። የድሬ ሌሊት በታኅሣሥ ውጭ ለማደር ይመቻል።

ወሩ የነቢያት ጾም ስለሆነ ሥጋና ቅቤ የለም። ትልቁ ድስት ምስርና ሽሮ ሲያፈራርቅ ይውላል። ለመንገድ ቆሎ ይቆላል፣ በሶ ይፈጫል፣ ድፎ ይደፋል። ግቢያችን ውስጥ ያለው ሽንት ቤት አንድ፣ የውሃ ቧንቧውም አንድ ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ሰው ሳትቆጣና ሳትጮህ ታስተናግደዋለች። ጎህ ሳይቀድ መጀመሪያ አሮጊቶች፣ ቀጥሎ ሕፃን የያዙ፣ ከዚያ ሌሎች ሴቶች፣ በመጨረሻ ወንዶች። ይህን ሥርዓት የጻፈላት ሰው የለም፤ ግን የሚጥሰው አልነበረም። ሰው ሲበዛ ማን መቅደም እንዳለበት መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ቧንቧ አጠገብ ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜውን የጨረሰው ለገሀሬ ጣቢያ ላይ ነው። በቁልቢ ሰሞን ከአዲስ አበባ የተነሳው ባቡር አዋሽን፣ ሚኤሶን፣ አፍደምንና ኤረርን አልፎ ሲገባ፣ የሚወርደው ሰውና ሊቀበል የመጣው ሰው በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ጠጠር ቢጥሉ መሬት አይደርስም። ባልደረቦቹና እሱ መጀመሪያ መውጫውን ያስለቅቃሉ፣ ቀጥለው ተሳፋሪውን ያስወርዳሉ፣ ተቀባይን የሚያስገቡት ከዚያ በኋላ ነው። «ሰው ክፉ ሆኖ አይገፋም» ይል ነበር አባቴ፤ «የኋለኛው የፊተኛውን ስለማያየው ነው የሚገፋው።» ይህን ቃል በሕይወቴ ብዙ ቦታ አስታውሼዋለሁ።

ለቁልቢ ጉዞ አባቴ ከመሥሪያ ቤት ያረጀች አረንጓዴ የምልክት ባንዲራ አምጥቶ በረጅም ሸንበቆ ጫፍ ላይ ያስራታል። ጠርዟ በዘይት የጠቆረ ነው፤ መሃሏ ላይ እናቴ በነጭ ክር የጠቀመችው ቀዳዳ አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ቁልቢ ላይ ጥላ ምልክት አይሆንም፤ ቀዩም፣ ሐምራዊውም፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለውም ጥላ በሺህ ነው። የባቡር ባንዲራ የያዘ ግን ከእኛ ሌላ የለም። ከእኛ ወገን የሆነ ሁሉ ቀና ሲል የሚፈልገው እሷን ነው።

ዋዜማው ሳይደርስ፣ በ17 ማታ፣ እናቴ እንግዶቹን ሁሉ ጓሮ ትሰበስባለች። ከአዲስ አበባ የመጡት ትልልቅ ሴቶች ሳይቀሩ ፊቷ ቁጭ ይላሉ። «እንግዲህ ስሙኝ፤ ማን ከማን ጋር ነው?» ትላለች። አንድ ጎረምሳ ከአንዲት አሮጊት ጋር ይጣመራል። እጅ የሚያያዘው በጣት አይደለም፤ ላብ ያንሸራትታል፤ አንጓ ነው የሚያዘው። ወርቅ ያደረገች ሴት አውልቃ ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለች። ገንዘብ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ የስለቱ ለብቻ በመቀነት ይቋጠራል። ነጠላ አይንዘረፈፍም፤ መስቀለኛ ተጣፍቶ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ምክንያቱም ጫፉን የረገጠ ሰው ሴትዮዋን ይጥላታል። ነጠላ ጫማ ክልክል ነው። የእኛ የልጆቹ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ስማችን፣ የአባታችን ስምና «ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ» የተጻፈባት ወረቀት ትገባለች፤ ኪሱ በክር ይሰፋል። ከሁሉ የበለጠ ደግማ ደጋግማ የምትናገረው ግን ይህን ነበር፦ «የጠፋ ሰው አይፈልግ። ባለበት ይቁም። የምንፈልገው እኛ ነን። ሦስት ሰዓት ካለፈ አቀበቱ ግርጌ ካለው ትልቁ ጥድ ሥር እንገናኝ።»

በማግስቱ ሳይነጋ የጭነት መኪና ላይ እንወጣለን። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ደንገጎን ጠመዝማዛ በጠመዝማዛ ስንወጣ ብርዱ እየጠነከረ ይመጣል። ከአዲስ አበባ በስስ ልብስ የመጡት መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ እናቴ ከሥሯ ጋቢ ታወጣለች፤ ሁሌም ትርፍ ጋቢ ነበራት። ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ ግራው በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል፣ ቀኙ ወደ ቁልቢ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መኪናው ሞተሩን አጥፍቶ የሚቆምበት ጊዜ ከሚሄድበት ይበልጣል። ከጨለንቆ በኩል የአዲስ አበባ መኪና፣ ከእኛ በኩል የድሬና የሐረር መኪና ይመጣል። ሁለቱ መካከል ደግሞ ከአዲስ አበባ ድረስ በእግሩ የመጣ፣ እግሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰው ዱላውን ይዞ በመንገዱ ጠርዝ ያልፋል። አባቴ መኪናው መንቀሳቀስ ሲያቅተው አይጠብቅም፤ «ውረዱ፣ በእግር እንሂድ» ይላል። ልክ ነበር። በቆመ መኪና ላይ ተጨናንቆ የደከመ ሰው አቀበቱ ግርጌ ሲደርስ ትዕግሥት አይኖረውም።

በመንገዱ ዳር የአካባቢው ገበሬዎች ቅቅል ድንች፣ ካሮትና ሻይ ይሸጣሉ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። «በጋ ነጋን ዱፍተን» ይሉናል፤ እናቴ በኦሮምኛ ትመልሳለች። ሻንጣዋን ለማታውቃት ሴት አደራ ሰጥታ ወጥታ፣ ስትመለስ እንዳለ የተቀበለችበትን ጊዜ አይቻለሁ። ብዙ ሰው ያለበት ቦታ ሌባ አይጠፋም፤ ኪስ ያወልቃል፣ ቦርሳ በምላጭ ይቀድዳል። ያም ሆኖ በቁልቢ መንገድ ያየሁት አደራ ካየሁት ስርቆት እጅግ ይበልጣል።

በእግር ስንሄድ አባቴ ስለ ቦታው ያወራልናል። ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ለገብርኤል ተስለው እንደነበር፣ በ1888 ዓ.ም. ድሉ ሲገኝ ተመልሰው ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1898 ዓ.ም.፣ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው እዚያው ቁልቢ ላይ እንዳረፉ። ስለት ሰሚነቱ የወጣው ከዚህ ጀምሮ ነው ይላል። ልጅ ያጣች፣ የታሰረ ያላት፣ የታመመ ያስታመመች ሁሉ የሚመጣው ከራስ መኮንን በኋላ ተራ ይዞ ነው። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣው መልአክ የሚከበርበት ቀን ስለሆነ በታኅሣሥ 19 የሚመጣው ሰው የራሱን እሳት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ይቸኩላል። ይህን ችኮላ ሳይረዱ ስለ ግፊያው ብቻ ማውራት ለሰዉ ፍርድ አይሰጥም። ሰባት ዓመት ጠብቃ የወለደች ሴት ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ስትሮጥ «ቀስ በይ» ማለት ቀላል አይደለም።

አቀበቱ ላይ የነበረውን ነገር በቅርብ ልንገራችሁ። አንድ ዓመት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ በሁለት ግንብ መካከል በሚጠብበት ቦታ ላይ ደረስን። የሚገባውና የሚወጣው በዚያው ነው። ከላይ ተሳልመው የሚወርዱት ይመጣሉ፣ ከታች እኛ እንወጣለን፤ መሃሉ ላይ ሁለቱ ተጋጠሙ። ከፊታችን አንዲት አሮጊት በጀርባቸው የስለት ድንጋይ አዝለው፣ በጠፍር ደረታቸው ላይ አስረው፣ ጎንበስ ብለው ይሄዱ ነበር። ሰዉ ሲጠብቅ እግሬ መሬቱን ለቀቀ። አልዘለልኩም፤ የሚያነሳኝ በዙሪያዬ ያለው ገላ ነው። እናቴ አንጓዬን እንደያዘች ሌላኛውን ክንዷን አጥፋ ደረቷ ፊት እንደ ጋሻ ያዘችው። «ክንድህን ደረትህ ላይ አድርግ፤ አትጩህ፣ ትንፋሽህን ቆጥብ» አለችኝ። ሊጨፈልቁኝ ከሚመጡት ፊት ለፊት አልገፋችም፤ ሰዉ ሲወዛወዝ አብራ እየተወዛወዘች፣ በየመሃሉ አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን እያለች ወደ ግንቡ ጫፍ አወጣችኝ።

አባቴ ሸንበቆውን ለአጎቴ ልጅ ሰጠና ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። ሁሉ ሰው ወደ ፊት ሲያይ እሱ ወደ ኋላ ዞረ። «አሮጊት አለች! አንድ እርምጃ ወደ ኋላ! ለኋለኛው ንገር!» ብሎ ጮኸ። አጠገቡ ያሉት ሰንበት ተማሪዎች ተቀበሉት፤ ከእነሱ ኋላ ያሉት ተቀበሉ። ድምፁ ከእኛ እየራቀ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማኛል፤ «አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ለኋለኛው ንገር፣» እየተባለ። ብዙም ሳይቆይ ላላ። ወጣቶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው አሮጊቷን መሃል አስገቡና ድንጋያቸውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ አሻገሯቸው። አሮጊቷ ዞር ብለው ሁላችንንም መረቁን። ከላይ የሚወርዱት እንዲቆሙ ተደርጎ መጀመሪያ እኛ አለፍን፣ ቀጥሎ እነሱ ወረዱ። አባቴ ለገሀሬ ላይ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነበር።

የሰው ብዛትን የሚያጠኑ ባለሙያዎች የሚሉትን ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ስድስት ሰባት ሰው ከታጨቀ ማንም እንደ ፈቃዱ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ግፊያው እንደ ማዕበል ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። የሚሞተው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ተረግጦ አይደለም፤ ደረቱ ተጨምቆ፣ እንደ ቆመ፣ መተንፈስ አቅቶት ነው። እናቴ ክንዷን ደረቷ ፊት ያጠፈችው ለዚህ ነበር። ማን እንዳስተማራት ጠይቄያት «ቁልቢ» ብላ መለሰችልኝ።

ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር የሚሰማው እልልታ በቃል የሚነገር አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚገፋ የለም፤ ሁሉ ባለበት ይሰግዳል፣ ባለበት ያለቅሳል። በድምፅ ማጉያው የስለት ዓይነት ይነበባል፦ ወርቅ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ፣ ሰንጋ። በዚያው ድምፅ ማጉያ በየመሃሉ የጠፉ ልጆች ስም ይጠራል። የአክስቴ ትንሽ ልጅ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ነበር። እንደታዘዘው አልተንቀሳቀሰም፤ ከአንዲት የማናውቃት ሴት አጠገብ ቆሞ ቆሎ ሲቆረጥም አገኘነው። ሴትየዋ ከጅማ የመጣች ነበረች። የኪሱን ክር ፈትታ ወረቀቷን አንብባ፣ ስሙን ለድምፅ ማጉያው አስነግራ፣ የራሷ ሰዎች ጥለዋት ወደ መኪና ሲሄዱ እሷ ልጁን ይዛ ቀረች። አክስቴ እግሯ ላይ ወደቀች። ሴትየዋ «ባለበት የቆመ ልጅ አይጠፋም፤ ያሳደጋችሁትን እዩት» አለች። በየዓመቱ ለገብርኤል ስታስብ እሷንም ታስባት ነበር አክስቴ፤ ስሟን ግን ሳትጠይቃት መቅረቷ እስከ መጨረሻው ቆጭቷታል።

ከመውጣቱ ይልቅ መመለሱ ይከፋል። ታቦቱ እንደገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይሮጣል። የመኪና ረዳቶች ዋጋ እጥፍ ያደርጋሉ፤ በር ላይ ትግል ይሆናል፤ ሰው በመስኮት ይገባል። ይህ ስግብግብነት ያኔም ያናድደኝ ነበር፣ አሁንም ያናድደኛል፤ ለስለት የመጣ ድሃ ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው። እናቴ ግን ወደዚያ ትግል አንድም ቀን አላስገባችንም። አንድ ገደል ጥግ ላይ ላስቲክ ታነጥፋለች፣ በሶ ትበጠብጣለች፣ «ሰዉ ይውረድ» ትላለች። ሲመሽ እዚያው እናድራለን። በነጋታው መንገዱ ክፍት ነው፤ መኪናው በግማሽ ዋጋ ራሱ ይለምነናል።

የግድግዳ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ሐጂያ ነበሩ። ቁልቢ ስንሄድ ቤታችንን የሚጠብቁልን፣ ለእንግዶቻችን ቡና የሚያፈሉ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው በፊት ሐጅ ሄደው ሚና ላይ ጠጠር ሲወረወር ያዩት መጨናነቅ ለዓመታት እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር። ጥር 1998 ዓ.ም. በዚያው ጀማራት ድልድይ ላይ ከ340 በላይ ሰው ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ድልድዩ ፈርሶ ብዙ ፎቅ ያለው፣ መግቢያና መውጫው የተለያየ ሆኖ ተሠራ። ሐጂያ ሄደው የመጡት አዲሱ ከተሠራ በኋላ ነው። ቡና እየጠጡ ለእናቴ እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ፦ «አንቺ፣ በገባሽበት አትወጪም እኮ! ፊትሽን ወደ ፊት ብቻ ነው። የእኔ ሰውዬ ይህን ሳያይ ሞተ።» እናቴ ጉልበታቸውን ይዛ አብራቸው አለቀሰች። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነበር፤ አንዷ ስለ መካ፣ አንዷ ስለ ቁልቢ።

ድልድዩ ግን ብቻውን አልበቃም። መስከረም 2008 ዓ.ም. እዚያው ሚና፣ ከድልድዩ ርቆ ባለ መንገድ ላይ፣ ከሁለት አቅጣጫ የመጡ ምእመናን ተገናኙና ታላቅ እልቂት ሆነ፤ ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ሐጂያ በሬዲዮ ሲሰሙ «አሁንም ተገናኙ?» ብቻ ነው ያሉት። አባቴ በሕይወት ቢኖር እሱም ይህንኑ ነበር የሚጠይቀው። ሰዉ ምን ያህል ነው ከሚለው ጥያቄ በፊት የሚገባውና የሚወጣው የት ላይ ይገናኛል የሚለው ይቀድማል።

እናቴ ካረጀች በኋላ ልጆቼን ይዤ ብዙ ጊዜ አብሬያት ወጥቻለሁ። አሮጌው ባቡር ቆሟል፤ አዲሱ ባቡር የሚያወርደው ከከተማው ወጣ ባለ ጣቢያ ነው፤ ለበዓሉ የአውሮፕላን በረራ ሳይቀር ይጨመራል። ሰዉ ከእኛ ጊዜ ይልቅ በዝቷል። ሞባይል መጣ፤ ነገር ግን በበዓሉ ቀን ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ጥዱ ሥር መቀጣጠራችንን አልተውንም። እናቴ ጉልበቷ ሲደክም ታኅሣሥን ትታ የሐምሌውን 19፣ የቂርቆስና የኢየሉጣን፣ መረጠች። ዝናብና ጭቃ አለው፤ ሰዉ ግን ይቀላል። በኋላ ደግሞ በዓሉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን መሄድ ጀመረች። «ያ ሁሉ ሰው የለም፤ ይደብራል እኮ» አልናት። «ገብርኤል አለ አይደል?» አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ማንም ሳይገፋት፣ የፈለገችውን ያህል ጸለየች። ከዚያ ወዲህ ለደካማና ለታመመ ሰው ሁሉ የምመክረው ይህን ነው፤ ስለቱ የሚሰማው በ19 ብቻ አይደለም።

አሁን እናቴ የለችም፤ ባንዲራዋ እህቴ ቤት ናት። ዘንድሮ የምትወጡ እባካችሁ፦ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ስሙንና የራሳችሁን ስልክ ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ስፉለት፤ ከጠፋ ባለበት እንዲቆም ከቤት ሳትወጡ አስተምሩት። አሮጊት ካለች አንጓዋን የሚይዝ ጎረምሳ መድቡላት። ጠባብ ቦታ ላይ ስትደርሱ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ለኋለኞቹ ይናገር። በዓሉን የምታስተናግዱ አባቶችና ወጣቶችም፣ የሚገባውና የሚወጣው የሚገናኝበት ቦታ ካለ ከበዓሉ በፊት ሄዳችሁ እዩትና ለዩት። ታቦቱ እንደገባም አትሩጡ። ላስቲክ አንጥፉ፣ በሶ በጥብጡ፣ ሰዉ ይውረድ፤ መኪናው ነገም አለ።